ከ«አርፈህ ተቀመጥ» በፊት፦ ልጆች እንዲንቀሳቀሱና ከልክ በላይ እንዳይወፍሩ ወላጅ ምን ማድረግ ይችላል?

ልጄ 9 ዓመት ሲሞላው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ለአንድ ሳምንት ያህል በደብተር ላይ ሰዓት በሰዓት መዘገብኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ከ45 ላይ ሰርቪሱ ከኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ይወስደዋል፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በመንገድ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲጎተት እሱ አሁንም ተቀምጧል። ቤት ሲገባ መክሰሱን በልቶ ቴሌቪዥን ያያል፤ ማክሰኞና ሐሙስ አስጠኚ ይመጣለታል፤ ቀጥሎ የቤት ሥራ፣ እራት፣ የእናቱ ስልክ፣ እንቅልፍ። ሳምንቱ አልቆ ስደምረው ልጁ ከልቡ የሮጠበትና የዘለለበት ጊዜ በቀን 20 ደቂቃ አይሞላም ነበር። ይህ የሆነው ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሊሮጥ ይችልባቸው የነበሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ የወሰድንበት እኛ ነን፤ ያውም ለእሱ ብለን።

ጤነኛ ልጅ እንዲንቀሳቀስ መገፋፋት እምብዛም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የተወሰደበት ጊዜ፣ ቦታና ፈቃድ እንዲመለስለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ፣ እነዚህን ሦስቱን ከየት ፈልጎ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ነው።

ምን ያህል እንቅስቃሴ ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የሆነ እንቅስቃሴ ሊያደርጉ ይገባል፤ ከሳምንቱም ቢያንስ በ3 ቀን ልብን በኃይል የሚያስመታ፣ እንዲሁም ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ማለትም ሩጫ፣ ዝላይ፣ መንጠላጠልና የመሳሰለው ሊኖርበት ይገባል። ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ልክ በቀን 180 ደቂቃ ነው፤ ከዚህም 60ው ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲላወስ «አስቸገረኝ» የምንለው እንግዲህ አካሉ የሚጠይቀውን በትክክል ሲፈጽም ነው።

60 ደቂቃውን በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ አይደለም። 15 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ 20 ደቂቃ የእረፍት ሰዓት ጨዋታ፣ 25 ደቂቃ በግቢ ውስጥ መሯሯጥ ተደምረው ይሞላሉ። የእንቅስቃሴውን ክብደት ለመለካትም መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እየተጫወተ ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ መሳብ ካስፈለገው ከባድ ነው።

በአገራችን ስለ ልጆች ውፍረት መናገር እንደ ቅንጦት የሚቆጠርበት ምክንያት ይገባኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱ ችግሮች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በዓለም ደረጃም በ2022 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ረሃብን ያየ ትውልድ ድምቡሽቡሽ ያለ ልጅ ሲያይ ደስ ቢለው አያስወቅሰውም። አያት «ልጄ ተመቸው» ስትል ፍቅሯን እየገለጸች ነው፤ ስለዚህ እርሷን ከመሟገት ይልቅ ልጁን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ጉሊት በእግሯ እንድትሄድ መጠየቅ ይሻላል።

በመዝገብ ጀምሩ

መጀመሪያ ለሦስት ቀን፣ ሁለቱን ከሥራ ቀናት አንዱን ከቅዳሜና እሁድ አድርጋችሁ፣ የልጃችሁን ውሎ ጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፤ የተቀመጠባቸው ሰዓቶችና ትንፋሹ የጨመረባቸው ደቂቃዎች። ልጁ እንደሚመዘን እንዳይሰማው ደብተሩን አታሳዩት፤ የሚመዘነው ቤቱ ነው። መዝገቡን ስታዩ የጠፋው ጊዜ የት እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም በሦስት ቦታ ይገኛል፦ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ፣ ከትምህርት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታትና በስልክ ላይ።

የትምህርት ቤት መንገድ

አሰላ አካባቢ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ እጁን ጠምዘዝ የሚያደርገውም ደብተሩን ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። ያን ያህል ርቀት ለማንም ልጅ አልመኝም፤ ትምህርት ቤት ለልጆች ቅርብ መሆን አለበት። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ያ ልጅ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ አለማሰቡ ነው። እንቅስቃሴው የቀኑ አካል ስለነበር ማንም ማስታወስ፣ መቀስቀስ ወይም መክፈል አላስፈለገውም።

ትምህርት ቤቱ በእግር ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ ሰርቪሱን ቢያንስ በአንዱ አቅጣጫ አስቀሩት። ጠዋት ለማርፈድ ስለሚያሰጋ ከሰዓት በኋላ ያለው መልስ ይመረጣል። አንድ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም የአራት አምስት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ይዞ ቢመለስና ተረኛው በየቀኑ ቢቀያየር ድካሙ ይከፋፈላል፤ የመኪናና የማያውቁት ሰው ሥጋትም ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግን መንገዱን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ መሻገሪያ የሌለው አስፋልት ወይም የሚያስፈራ ውሻ ካለ ሌላ መንገድ ፈልጉ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ በተሠራባቸው አካባቢዎች ይህ ከቀድሞው ይቀላል።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ልጁን ከበር ላይ ሳይሆን አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ፣ አዋቂ በሚጠብቅበት ቦታ፣ እንዲያወርደው መስማማት ይቻላል። የቦርሳው ክብደትም ይታሰብበት። ሁሉንም መጻሕፍት በየቀኑ ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ በእግር መሄድን ቢጠላ አይፈረድበትም።

ግቢውን መልሱላቸው

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። የኮንዶሚኒየም ልጆች ቦታ ያጡት ቦታ ስለሌለ ብቻ አይደለም። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ በተረፈው ላይ ጥበቃው «ኳስ ክልክል ነው» ይላል፤ መስኮት የተሰበረበት ጎረቤት ይቆጣል፤ ወላጅም ጭቅጭቅ ላለመስማት ልጁን ወደ ቤት ይጠራል። እያንዳንዱ ሰው ተገቢ ምክንያት አለው፤ የሁሉም ምክንያት ሲደመር ግን 40 ልጅ ቤት ውስጥ ይዘጋል።

ስለዚህ ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ኮሚቴ የሚቀርበው ጥያቄ «ልጆች እንደፈለጉ ይጫወቱ» የሚል ከሆነ አይሳካም። ሰዓትና ቦታ የተወሰነለት ጥያቄ ይቀርባል፤ ለምሳሌ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት በአንደኛው ሕንፃ ጎን ያለው ቦታ መኪና እንዳይቆምበት፣ በዚህ ሰዓት አንድ ወላጅ በተራ ወጥቶ እንዲቀመጥ፣ ኳሱም ከካልሲና ከጨርቅ የተሠራ እንዲሆን። የጨርቅ ኳስ መስኮት አይሰብርም፤ ቶሎ ስለማይንከባለልም ልጆቹ ከኳሱ ይልቅ በእግራቸው ይሠራሉ። በእኛ ግቢ ስምምነቱ የተገኘው በሁለተኛው ስብሰባ ነው፤ ያሳመናቸውም አንዲት እናት ልጆቹ ቤት ሲዘጋባቸው ደረጃው ላይ ምን ያህል እንደሚረብሹ ማስረዳቷ ነበር።

ልጆች ቦታ አግኝተው ጨዋታ ሲያጡ ይታያል፤ ምክንያቱም ጨዋታን የሚያስተምሩት ታላላቅ ልጆች እነሱም በስልክ ላይ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዋቂው ወርዶ ማሳየት አለበት። ሰኞ ማክሰኞ ጠመኔና ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ይፈልጋል፤ በአንድ እግር መዝለሉ ሚዛንንና አጥንትን ያጠነክራል። ሱዚና ገመድ ዝላይ በጠባብ ቦታ ብዙ ላብ ያወጣሉ፤ ገመድ የለመደ ልጅ 10 ደቂቃ ሲዘል ከሮጠ ልጅ አያንስም። ሌባና ፖሊስ እና አባሮሽ ሁሉንም ያሯሩጣሉ። ድብብቆሽ ደስ የሚል ጨዋታ ቢሆንም የተደበቀው ልጅ ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቅ ከሌላው ጋር እየተቀያየረ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድታዩ እለምናለሁ። በብዙ ጨዋታዎች የተነካ ወይም የተሸነፈ ልጅ «ወጣህ» ተብሎ ዳር ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ወፈር ያለውና ቀስ የሚለው፣ ማለትም እንቅስቃሴው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ሕጉን ለውጡት፤ የተነካ ልጅ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮ እንዲመለስ ወይም ቡድን እንዲቀይር አድርጉ። በየመሐሉም እንደ ገመድ ጉተታ ያለ፣ ጠንካራ ሰውነት የሚያሸንፍበት ጨዋታ አስገቡ። በገመድ ጉተታ ሁሉም «ከእኛ ጋር ሁን» ብሎ የሚሻማው ልጅ በማግስቱ ሳይጠራ ይወርዳል።

በዓሎቻችንም ለዚህ የሚረዱ ናቸው። የገና ጨዋታ፣ ወንዶች ልጆች በቡሄ፣ ሴቶች ልጆች በእንቁጣጣሽ ከቤት ቤት እየዞሩ የሚጨፍሩት ጭፈራ ሁሉ የሰዓታት እንቅስቃሴ ነው። ልጆቻችሁ በፎቅ ቤት ስላደጉ ይህ እንዳይቀርባቸው ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አስወጧቸው።

ሴት ልጆች

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ ላይ ተመሥርቶ ባቀረበው ትንተና በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከወንዶች 78 በመቶ፣ ከሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በቤታችን ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 10 ወይም 11 ዓመት ላይ ወንድሟ ኳስ ይዞ ሲወርድ እሷ ሽንኩርት እንድትከትፍ ትጠራለች፤ ስትዘል «አንቺ ትልቅ ሴት ሆነሻል» ትባላለች፤ የወር አበባ ሲጀምራትም ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ መቅረት የተለመደ ይሆናል። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችውን ደራርቱ ቱሉን እያደነቅን የራሳችንን ልጅ ከግቢ መጥራታችን ልብ ይሰብራል።

የቤት ውስጥ ሥራ በወንድና በሴት ልጅ መካከል እኩል ይከፈል፤ ወለል መወልወልና ልብስ ማጠብ ለወንዱም እንቅስቃሴ ነው። ለሴት ልጅ የምትመቻትን የስፖርት ቱታ ግዙላት፤ ብዙ ልጆች የሚያፍሩት ከእንቅስቃሴው ሳይሆን ከልብሱ ነው። በወር አበባ ጊዜ ሕመም ከሌለባት መጫወት እንደማይጎዳት እናት ወይም አክስት በግልጽ ትንገራት። ሩጫ የማትወድ ከሆነም እስክስታ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ከልብ የጨፈረ ሰው ላቡ ይመሰክራል።

ስልክና ቴሌቪዥን

ስልክን በመከልከል ብቻ የሚመጣ እንቅስቃሴ የለም፤ ስልኩ የተነሣበት ልጅ የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ሶፋው ላይ ተኝቶ ያለቅሳል። ስለዚህ ግቢው ከተመለሰ በኋላ ነው ወደዚህ የሚመጣው። በቤታችን የሠራው ሕግ ቅደም ተከተል ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መክሰስ፣ ከዚያ ውጪ፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ስክሪን የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። ውጪ ወጥቶ ስለተጫወተ ግን ስልክ እንደ ሽልማት አይሰጠውም፤ ሽልማት ካደረግነው ጨዋታው ግዴታ፣ ስልኩ ደስታ ይሆንበታል። ስክሪን እያዩ ምግብ አይበላም፤ ዓይኑ ስክሪን ላይ የሆነ ልጅ መጥገቡን ሳያውቅ ይበላል። ማታም ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል፣ ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አባትም ማታ ስልኩን ሲያስቀምጥ ነው።

ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ከባዱ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ልጁ ለሁለት ወር ቤት ይውላል። የአዲስ አበባ ዝናብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቱን ፋታ ተጠቀሙበት፤ ጃኬትና ቦት ጫማ ያደረገ ልጅ በካፊያ ውስጥ ቢሄድ አይታመምም። ቀኑን ሙሉ በዘነበ ጊዜ ደረጃው አለ፤ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አምስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ለአዋቂም ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ ዝላይ ከሆነ ከታች ያለውን ጎረቤት አስቀድማችሁ ሰዓት ጠይቁት።

ትምህርት ቤቱን ጠይቁ

በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ሒሳብና ስለ እንግሊዝኛ ውጤት ብቻ አትጠይቁ። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ለፈተና ዝግጅት ሲባል ይሰረዝ እንደሆነ፣ የእረፍት ሰዓት በቅጣት ይወሰድ እንደሆነ ጠይቁ። ስላጠፋ ተብሎ ሜዳ እንዲዞር ወይም እንደ እንቁራሪት እንዲዘል የሚታዘዝ ተማሪ ሩጫን ከውርደት ጋር ያያይዘዋል። ይህ በቤትም ይሠራል፤ እንቅስቃሴን ለቅጣት አታውሉት።

ስለ ምግብና ስለ አነጋገር

እንቅስቃሴ የሚረዳው ኃይል በማቃጠል ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም እየወሰደ ይጠቀማል፣ አጥንት ይጠነክራል፣ እንቅልፍ ይሰምራል። ነገር ግን በምግብ በኩል የሚገባውን ሁሉ ማካካስ አይችልም። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ይህን ለማቃጠል ከአንድ ሰዓት ያላነሰ በእግሩ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ ከጨዋታ ለተመለሰ ልጅ ውኃ፣ ሲርበውም ቆሎ ወይም ሙዝ ይቅረብለት።

«ወፍራም» ብሎ መጥራት፣ በፍቅርም ቢሆን፣ በእንግዳ ፊትም ሆነ ብቻውን ይቅር። የሚሰደብ ልጅ ከሜዳ ይሸሻል፤ በመብላትም ይጽናናል። ስለ ክብደቱ ሳይሆን ስላደረገው ነገር ንገሩት፦ «ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አላረፍክም»፣ «ገመዱን 30 ጊዜ ዘለልክ»። ልጅን ያለ ሐኪም ምክር ማስራብ ወይም የአዋቂ አመጋገብ ማስያዝ ለዕድገቱ አደገኛ ነው። ቁመቱ እየጨመረ ክብደቱ ባለበት ቢቆይ ራሱ ለብዙ ልጆች መልካም ውጤት ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳሉ። ልጁ ሲተኛ በኃይል ካንኮራፋና ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ በአንገቱ ዙሪያ ወይም በብብቱ ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረ፣ ብዙ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን እያመመው ካነከሰ፣ ወይም ሲጫወት ደረቱን ካመመው ሳትዘገዩ ውሰዱት። ሐኪሙ ክብደቱን ከቁመቱ፣ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር አመዛዝኖ ያያል፤ በዓይን ግምት ብቻ አይወሰንም። አስም ያለበት ልጅም ከጨዋታ መከልከል የለበትም፤ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚጠቀም ሐኪሙን ጠይቁ።

ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን አውጥታችሁ እንደገና ለሦስት ቀን መዝግቡ። የእኛ ሁለተኛ መዝገብ በቀን በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ አሳየ። የጎደለው የማክሰኞና የሐሙስ ነበር፤ አስጠኚው በሚመጣባቸው ቀናት ልጁ ወደ ግቢ አይወርድም ነበር። አሁን በእነዚያ ቀናት አንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲመጣልን ጠይቀነው ተስማምቷል።